አጋዘን ያዘልኩ ዕለት

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁና ከዚያ እንደፈለጋችሁ ፍረዱኝ። እኔ አዳኝ አይደለሁም። ጠመንጃ ይዤ አላውቅም፤ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቴን አዞራለሁ። ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ፣ የምኖረው ከልጄ ጋር ነው። ሥራዬ የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት መቀበልና የሰፈሩን ሰው ማስተካከል ነው። ስለዚህ የዛሬ ዓመት ጥቅምት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ተራራ ላይ ቀንድ አብቅላ ተገኘች ሲባል ብትሰሙ "አሮጊቷ አበደች" እንዳትሉ። አላበድኩም። መደብ እኩል ይሁን ብዬ ነው።

ነገሩን የጀመረው ጎረቤታችን ዋልተር ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ረጅም፣ ፊቱ ቲማቲም የመሰለ፣ ጡረታ የወጣ ሰው። እኔ ጋሽ ዋልተር እለዋለሁ። ትርጉሙን ስነግረው በጣም ደስ አለውና ሚስቱን ዶሪስን "አንቺም ጋሽ በይኝ" አላት። እሷ ሳህኑን እጠብ አለችው።

ይህ ጋሽ ዋልተር አንድ ቀን በአጥሩ ላይ የአጋዘን ሥጋ በፌስታል አቀበለኝ።

"ለስንት ተካፈላችሁት?" አልኩት።

"ከማንም አልተካፈልኩም። እንዲሁ ውሰጂ።"

እንዲሁ የሚባል ሥጋ እኔ አላውቅም። ፌስታሉን መልሼ በአጥሩ ላይ አቀበልኩትና ቅርጫ ምን እንደሆነ አስረዳሁት። ጉበቱም ጨጓራውም አጥንቱም ለሁሉም እኩል በመደብ በመደብ ይደረደራል፤ ከዚያ ዕጣ ይወጣል፤ ማንም ማንንም አያማም። ቢያማ እንኳ ዕጣውን ነው። ሥጋ የሚበላ ደግሞ ይሠራል። ቆሞ አይቶ መደብ የሚወስድ የለም።

"አንቺ ምን ትሠሪያለሽ ታዲያ?" አለኝ እየሳቀ።

"አንተ ተኩስ፤ እኔ እጭናለሁ።"

ይህን ስል እሱ ጤነኛ ሰው ነበር። በክረምቱ ግን ልቡን ታመመና የደም ቧንቧው ውስጥ ሽቦ አስገቡለት። ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳያነሳ ከለከለው፤ ዶሪስ ደግሞ ቀላሉንም ጨምራ ከለከለችው። አደን ይቅር አለች። እሱም እሺ አለና በረንዳው ላይ ተቀምጦ መንገድ ማየት ጀመረ። እንዴት አድርጎ እንደሚያይ ብታዩት! አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ይመስላል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሲያይ ዶሪስም አልቻለችም፤ በእኔ ፊት ፍርዷን ሰጠች።

"ሂድ፤ ተኩስ። ነገር ግን አንዲት ነገር ካነሳህ ጠመንጃው በማግስቱ ይሸጣል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ ትጭኛለሽ አይደል? ልቡን ለአንቺ ሰጥቼሻለሁ።"

የሰው ባል ልብ በአደራ ተቀብዬ አላውቅም። ግን ተቀበልኩ።

ልጄ አልሰማችም። አልደበቅኳትም፤ አልጠየቀችኝም። እሷ አየር ማረፊያው ውስጥ ዊልቸር ትገፋለች፤ ስለዚህ ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ሁሉ ለመቀመጥ የተፈጠረ ይመስላታል። የልጅ ልጄ ሳሮን ብቻ ከእንቅልፏ ነቅታ በር ላይ አገኘችኝ።

"እማማ፣ ዌር አር ዩ ጎይንግ?"

"አጋዘን ልጭን።"

"ኦኬ" አለችና ተመልሳ ተኛች። እሷ ቴክሳስ እሄዳለሁ ብላትም ኦኬ ነው የምትለው።

በጋሽ ዋልተር ፒክአፕ ዴንቨርን አቋርጠን ተራራው ውስጥ ስንገባ ጎህ ቀደደ። ጋሽ ዋልተር ብርቱካናማ ሰደርያና ብርቱካናማ ቆብ ሰጠኝ፤ አዳኞች እርስ በርስ እንዳይተኳኮሱ የሚለብሱት ነው። ቆቡ ሻሼ ላይ አልገባ ቢለኝም ጎትቼ አስገባሁት። እሱ ሁለት የአደን ፈቃድ ነበረው፤ አንድ ለወንድ አጋዘን፣ አንድ ለሴት። ሴቷን ከመንገዱ ዳር ሣር ስትግጥ አግኝቶ ጣላት። ወንዱን ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ከመንገዱ በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ። እኔ መኪናው ውስጥ ጆሮዬን ይዤ ነበር። የሰውየው ፊት ግን ሲመለስ፣ በረንዳ ላይ ሲቀመጥ የነበረው ሰው ፊት አልነበረም። እንደዚያ ሆኖ ሳየው ይህ ጠመንጃ አይሸጥም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ሆድ ዕቃውን ራሱ አወጣ፤ ማውጣት ማንሳት አይደለም ብሎ ተከራከረኝና ፈቀድኩለት። ከዚያ የመጀመሪያው ድንጋጤ መጣ። ጨጓራውንና ሽንፍላውን አውጥቶ፣ እንደ ቆሻሻ፣ ቁጥቋጦ ሥር ወረወረው!

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ለቀበሮዎቹ ነው።"

"ቀበሮዎቹ ምን ሠርተው?"

ሽንፍላውን ሰብስቤ በፌስታል አደረግሁ። የሁለቱንም። እሱ አፍንጫውን ይዞ ቆሟል። ጎረቤቴ እስከዚያ ቀን ድረስ የሠለጠነ ሰው ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ጭነቱ። ጋሽ ዋልተርን የፒክአፑ ጋቢና ውስጥ አስገብቼ ቀበቶውን አሰርኩለት።

"መኪናው እኮ ቆሟል" አለኝ።

"አንተም አብረኸው ቁም።"

ፒክአፑን ወደ ሴቷ አስጠግቶልኝ ነበር። የኋላ መዝጊያውን ከፍቼም እንኳ ወለሉ ደረቴ ላይ ይደርሳል። የፊት እግሯን አቅፌ ግማሿን ጫንኩ። ኋላዋን ላነሳ ስዞር ፊቷ ተንሸራቶ ወርዶ መሬት ላይ ይጠብቀኛል። ከኋላዋ ልጀምር አልኩ፤ አሁን ደግሞ ኋላዋ ወረደ። አጋዘን ስትሮጥ አጥንት የሌላት ትመስላለች፤ ስትጫን ግን በእርግጥ የላትም። በአንድ በኩል የሰጠኋትን በሌላ በኩል ትመልስልኛለች።

ጋሽ ዋልተር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ "ትንሽ ብቻ ከፍ ላድርግልሽ፤ በአንድ እጄ" አለ።

"እጅህን!"

ፖሊስ እንደያዘው ሰው ሁለቱንም እጆቹን ወደ ላይ አነሳ።

"ገመዱን አንገቷ ላይ እሰሪና ላይ ወጥተሽ ጎትቺ።"

ይህ ጥሩ ምክር ነበር፤ ደግሞም ምክር ክብደት የለውም። አሰርኩ፤ ላይ ወጣሁ፤ እግሬን አስደግፌ በስመ ኢየሱስ ብዬ ጎተትኩ። አልመጣችም። ጎተትኩ። አልመጣችም። በሦስተኛው በአንድ ጊዜ መጣች። ለካ ስትመጣ የት እንደምትቆም አላሰብኩበትም። በጀርባዬ ተዘረርኩ፤ እሷም ደረቴ ላይ። ዓይኗ ዓይኔ ውስጥ፣ ምላሷ ጆሮዬ አጠገብ። ዋልተር ቀበቶውን ሲፈታ ሰማሁት።

"ደህና ነኝ! እንዳትንቀሳቀስ!" ብዬ ከሥሯ ጮህኩ።

"ድምፅሽ ግን…"

"ድምፄ እንዲህ ነው!"

ተንፏቅቄ ወጣሁ። እሷ ግን ማየቷን አልተወችም፤ በዚያ በትልልቅ ዓይኗ። ሠርግ ላይ ያልተጠራች ዘመድ እንደዚያ ነው የምታየው። ዓይኗን ብጨፍነው መልሶ ይከፈታል። ስለዚህ ብርቱካናማ ቆቤን አውልቄ እስከ አፍንጫዋ ድረስ አጠለቅኩላት። ከዚያ በኋላ ሰላም አገኘሁ። ቆቡ ለእሷ ልክ ነበር፤ ሻሽ የላትማ።

ወንዱ ቀረ። ገና ጎረምሳ ነው፤ ትልቅ አይደለም። ቀንዱ ግን ከራሱ ይበልጣል። በገመድ ልጎትተው ብል በየቁጥቋጦው ይያዛል። አንዱን ቅርንጫፍ ሳላቅቀው ሌላውን ይይዛል። በሕይወት እያለ እንደዚህ ቢከራከር ኖሮ ማንም አይገድለውም ነበር። ወደ ላይ ቀና ስል ጋሽ ዋልተር ከመስኮቱ እስከ ትከሻው ድረስ ወጥቷል። ትንሽ ከቆየሁ እንደሚወርድ ገባኝ። ፊቱ ላይ ተጽፏል።

እዚያ ላይ ነው ብልሃቱ የመጣልኝ። እኔ አራት ልጆች አዝዬ ያሳደግኩ ሴት ነኝ። እያዘልኩ ውሃ ቀድቻለሁ፣ እያዘልኩ ገበያ ወጥቻለሁ። ታዲያ ይህን የሚያቅተኝ ለምንድን ነው? መኪና ውስጥ ለብርድ ያመጣሁትን ነጭ ጋቢ ወሰድኩ። አጋዘኑን ዳገቱ ላይ አስደግፌ ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ። የፊት እግሮቹን በትከሻዬ አሳለፍኩ። ጋቢውን ከኋላው አዙሬ ደረቴ ላይ ቋጠርኩት። አንድ ቅርንጫፍ ይዤ ብድግ አልኩ። ተነሣሁ! የኋላ እግሮቹ መሬት ይጎተታሉ፤ ጭንቅላቱ ጭንቅላቴ ላይ ተኝቷል። እሹሩሩ ማለት ብቻ ነው የቀረኝ።

አሁን እስቲ አስቡት። እኔ ያኔ አላሰብኩትም። ብርቱካናማው ሰደርያዬ በአጋዘኑ ተሸፍኗል። ካፖርቴ ቡናማ ነው። ጎንበስ ብዬ ነው የምሄደው። ከራሴ በላይ ቀንድ አለ። ከኋላዬ የዞረው ነጭ ጋቢ ደግሞ የዚያ አገር አጋዘን ሁሉ ያለው ነጭ ቂጥ ሆኗል። አጋዘኗ ብርቱካናማ ቆብ አድርጋ መኪና ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ ቀንድ አብቅዬ ጫካ ውስጥ እሄዳለሁ። በአደን ወቅት!

ዳገቱን አጋምሼ መሬት መሬት እያየሁ ስወጣ የጋሽ ዋልተርን ጩኸት ሰማሁ።

"ስቶፕ! ስቶፕ! ስቶፕ!"

ቀና ብል ከመኪናው ወጥቶ ቁልቁል ወደ እኔ እየሮጠ ነው። ሰደርያውን አውልቆ በእጁ ያውለበልበዋል። ደሜ ፈላ። ሊያግዘኝ ነው! ያን ሁሉ ደክሜ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት፣ ልቡን ይዞ ቁልቁል ይሮጣል! ባለኝ ድምፅ ሁሉ፣ በገዛ ቋንቋዬ፣ ለቀቅኩበት።

"ተመለስ! ተመለስ ብዬሃለሁ አንተ ሽማግሌ! ማን ጠራህ? ግባና ተቀመጥ! ዶሪስ ትገድልሃለች! ካልገደለችህ እኔ እገድልሃለሁ!"

እሱ ግን እኔን አያይም። የሚያየው ከእኔ ወዲያ ነው፤ ከቁልቁለቱ ሥር ካለው ደረቅ ወንዝ ማዶ። ከእነ አጋዘኔ ቀስ ብዬ ዞርኩ።

ከማዶ አንድ ጢማም፣ ወፍራም ሰው በጉልበቱ ተንበርክኳል። ጠመንጃው ወደ እኔ ነው። ወደ እኔ ማለቴ ወደ እኔ ነው፤ የጠመንጃውን አፍ ክብ ሆኖ አየሁት። መሮጥ አልቻልኩም፤ አጋዘን አዝያለሁ። መተኛት አልቻልኩም፤ አጋዘን አዝያለሁ። ማድረግ የቻልኩት አንድ ነገር ነው። እጄን ከአጋዘኑ እግር ሥር አውጥቼ፣ እንደ ሰላምታ አወዛወዝኩለት።

ሰውየው ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። ቀስ ብሎ። ከዚያ መሬት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ራሱም አጠገቡ ቁጭ አለ።

በኋላ እንደነገረን ስሙ ራስል ነው። መጀመሪያ ቀንዱን አየ፤ ከዚያ ነጩን ቂጥ አየ። ጣቱ ምላጩ ላይ ነበር። ያኔ አጋዘኑ መጮህ ጀመረ። "ዕድሜ ልኬን አድኛለሁ፤ የሰደበኝ አጋዘን ግን አጋጥሞኝ አያውቅም" አለን። ግራ ገብቶት የጠመንጃውን መነጽር ዝቅ ሲያደርግ ከልጄ ተውሼ ያደረግሁትን የስፖርት ጫማ አየ። ከማዶው ደግሞ ብርቱካናማ ጨርቅ የሚያውለበልብ ሰው። እንግዲህ ከጫማው፣ ከጨርቁና ከስድቡ የትኛው እንዳዳነኝ እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ ለስድቡ አደላለሁ።

ያን ጊዜ ግን ስለ ራስል ማን አስቦ! ዞር ስል ጋሽ ዋልተር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ቲማቲም የመሰለው ፊቱ አመድ ሆኗል። እጁ ደረቱ ላይ ነው።

የጋቢውን ቋጠሮ እንዴት እንደፈታሁት አላውቅም። አጋዘኑን እዚያው ጥዬው ሮጥኩ። ጆሮዬን ደረቱ ላይ ለጠፍኩ። ልቡ ይመታል፤ ግን እንዴት ያለ መምታት ነው! በር ተቆልፎበት የሚያንኳኳ ሰው ይመስላል። በውስጤ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጌታ ሆይ፣ አደራ ነው፤ የራሴ ቢሆን ዝም እልህ ነበር።

"ኪስ… ኪስ ውስጥ" አለ።

ከሸሚዙ ኪስ ትንሿን ጠርሙስ አወጣሁ። ከምላሱ ሥር የምትቀመጠዋን ኪኒን ሰጠሁት። የሚታጠፈውን ሞባይሉን ከፈትኩ፤ ተራራ ላይ አይሠራም። ስለዚህ እጁን ይዤ ተቀመጥኩ። ጸለይኩ። ጮክ ብዬ ስለነበር ራስልም መጥቶ ቆቡን አውልቆ ቆመ። ሦስታችንም አንዱን ደረት ስናይ ቆየን።

ቀስ በቀስ ከጆሮው ጀምሮ ቀላ። ከዚያ ጉንጩ። ከዚያ አፉን ከፈተ።

"አላነሳሁም" አለ። "ለዶሪስ ንገሪልኝ። ምንም አላነሳሁም።"

አለቀስኩ። ከዚያ በእሱ ላይ ያልጨረስኩትን ቁጣ ይዤ ወደ ራስል ዞርኩ።

"አንተ! ቀንድ ያለው ሁሉ አጋዘን ነው?"

"ይቅርታ እማማ… እኔ… አላወቅኩም…"

"ከተኮስክ በኋላ አላወቅኩም ብትል እኔ የት እገኛለሁ? ጫን!"

ራስል እኔ የተሟገትኩትን አጋዘን እንደ ትራስ አንስቶ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ፒክአፑ ላይ ከሴቷ ጎን አጋደመው። ገመዱንም አሰረ። መዝጊያውንም ዘጋ። ከዚያ የራሱን መኪና እዚያው ትቶ፣ እንዳትጨነቁ እኔ እነዳለሁ ብሎ የእኛን ያዘ። ጋሽ ዋልተርን መሃል አስቀመጥነው።

መንገድ ላይ ነው ያሰብኩት። ይህ ሰው ጫነ። ነዳ። የሠራ ደግሞ ይካፈላል።

"ሦስት መደብ ነው የምናደርገው" አልኩ።

ጋሽ ዋልተር ዓይኑን አፈጠጠ። "ለዚህ? ሊገድልሽ ነበር እኮ!"

"አልገደለኝም፤ ጭኗል። ቅርጫ ያሰበውን አይጠይቅም፤ የሠራውን ነው።"

የራስል ጢም ላይ እንባ ሲወርድ አይቻለሁ፤ ግን መንገዱን እንዲያይ ብዬ ምንም አላልኩም።

ዶሪስ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። የማታውቀው ሰው መኪናቸውን እየነዳ ሲመጣ ስታይ እጇ አፏ ላይ ሄደ።

"ምን አነሳ?" አለችኝ። ለእኔ ነው ጥያቄው፤ አደራ ተቀባይ እኔ ነኝ።

ጋሽ ዋልተር አየኝ። ያ አስተያየት! በዚያ ዓይን ውስጥ ጠመንጃውም በረንዳውም ነበሩ። እዚያ ላይ "ምንም አላነሳም" ብዬ ማቆም እችል ነበር። እውነት ነው፤ አላነሳም። ግን ልቡን የሰጠችኝ ሴት ናት፤ ልቡ የዋለበትን ማወቅ አለባት።

"ምንም አላነሳም" አልኩ። "ግን ሮጧል። ያስሮጥኩት እኔ ነኝ፤ ልጠብቀው ሄጄ እሱ ጠበቀኝ። ደረቱን አሞት ኪኒኑን ወስዷል። ሐኪም ይየው። ጠመንጃ የሚሸጥ ከሆነ ግን ተጠያቂዋ እኔ ነኝ፤ እሱ አይቀጣ።"

ዶሪስ አምቡላንስ ጠርታ አብራው ሄደች። እዚያ አደሩ። እኔ ያን ሌሊት እንዴት እንዳደርኩ አልነግራችሁም። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ተመለሱ። ሽቦው በቦታው ነው፤ ልቡ አልተጎዳም ብለዋቸዋል። ስታየኝ ዶሪስ አቀፈችኝ። ከዚያ እጄን ያዘችና ፊቴን ተመለከተች። የደም ግፊት መለኪያውን አምጥታ ክንዴ ላይ አሰረችው። ቁጥሩን አየች። በሌላው ክንዴ ደገመችው። ከዚያ ስልኩን አንስታ ልጄን ጠራቻት። ልጄ ከአየር ማረፊያው ከነሥራ ልብሷ በረረች።

"እማዬ! አጋዘን? አዘልሽ? አንቺ እኮ ለእኔ ዳቦ ግዢ ስልሽ ወገቤን ትያለሽ!"

"ዳቦው ላይ መደብ የለኝም" አልኳት።

ሁለተኛው ፍርድ በዶሪስ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ተሰጠ። ልጄም ተስማማች። ጠመንጃው አይሸጥም፤ ዋልተር ቃሉን ጠብቋልና። ነገር ግን ከእንግዲህ ሁለታችንም ምንም አናነሳም። እሱ ይተኩሳል፤ ከዚያ ይቀመጣል። እኔ መደብ አስተካክላለሁ፤ ከዚያ በፊት እቀመጣለሁ። የሚጭነው ራስል ነው።

ዘንድሮም ሄድን። ባለፈው ቅዳሜ ጋቢናው ውስጥ፣ ማሞቂያው በርቶ፣ እኔና ጋሽ ዋልተር ቀበቶ አስረን ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። ዶሪስ ሁለታችንንም ብርቱካናማ ከእግር እስከ ራስ አልብሳናለች፤ ሁለት የትራፊክ ምልክት እንመስላለን። ከኋላ ራስል አንድ ትልቅ አጋዘን ብቻውን ይጭናል። በመስታወቱ እናየዋለን። ፊቱን ሲጭን ኋላው ይወርዳል፤ ኋላውን ሲያነሳ ፊቱ ይወርዳል። እንዴት እንደሚያናድድ! ገመዱ እዚያው አጠገቡ ተቀምጧል፤ አያየውም። አልቻልኩም፤ መስኮቱን ከፍቼ አንገቴን አወጣሁ።

ጋሽ ዋልተር ትከሻዬን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ መለሰኝ።

"ተይ" አለኝ። "ግፊትሽ ይነሳል።"